ርብና ጉማራ ሲሞሉ፦ የፎገራ ሜዳና የመንግሥት እቅዶች ታሪክ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር ዞን የተንጣለለ ለጥ ያለ መሬት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ሜዳውን ያቋርጠዋል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚያመራው መንገድም የሚገነጠለው ወረታ ላይ ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው የሐይቁ ወለል ከዚያ የሚያንሰው በጥቂት ሜትሮች ነው። በምሥራቅ በኩል ግን ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራ ቆሟል። ርብና ጉማራ ሁለቱም የጉና ልጆች ናቸው። ከተራራው በጥድፊያ ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይሰክናል፣ ያመጡትንም አፈር ያራግፋሉ። ሜዳውን የሠራው ይኸው ደለል ነው፤ በየጊዜው የሚያጥለቀልቀውም ያንኑ ደለል የሚያመጣው ውኃ ነው። ባለፉት መቶ ዓመታት ስለዚህ አካባቢ የታቀዱትን ሥራዎች ሁሉ ያስቸገረው የእነዚህ የሁለቱ ነገሮች አለመነጣጠል ነው።

የፎገራ ገበሬ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ቀድሞ ኑሮውን ከውኃው ጋር አስማምቷል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይቋጥራል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አብዛኛው መሬት ይተኛበታል። ስለዚህ ከብቱ በክረምት ወደ ከፍታው ይወጣል፣ ውኃው ሲጎድል ወደ ለምለሙ ሣር ይመለሳል። በወተት ሀብቱ የታወቀው የፎገራ የከብት ዝርያ ያደገው በዚህ ምልልስ ነው። ጓያና ሽምብራ በመሬቱ በቀረው እርጥበት ይዘራሉ። ሐይቁ ከመስከረም በኋላ እየሸሸ ሲሄድ የሚተወው ባሕር ሸሽ መሬት ደግሞ ዳር ዳሩን ለሚኖሩ ሰዎች ተጨማሪ እርሻ ይሆናል። በዚህ አኗኗር ሙላት ጉዳትም ሲሳይም ነበር። ትንሽ ሲመጣ ማሳው ይደልባል፤ ሲበዛ ቤትና ከብት ይወስዳል።

ከውጭና ከማእከል የመጡት የመጀመሪያዎቹ እቅዶች ግን ዓይናቸው ሐይቁ ላይ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዞች ጣናን ለግብፅና ለሱዳን መስኖ የሚሆን የውኃ ማጠራቀሚያ ለማድረግ ብዙ ደክመዋል፤ በ1920ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባለሙያዎቻቸው ሐይቁን ለክተዋል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ይህን ጫና ለማመጣጠን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ላኩ፤ ጄ. ጂ. ዋይት የተባለው የኒው ዮርክ ኩባንያም የጣናን መውጫ የመገደብ ጥናት እንዲሠራ ተስማማ። የጣሊያን ወረራ መጣና ነገሩ በወረቀት ቀረ። በእነዚያ ውይይቶች ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ሐይቁ ስንት ውኃ ይይዛል፣ ውኃውስ ለማን ይለቀቃል የሚል ነበር። ሐይቁ ከፍ ሲል ርብና ጉማራ ውኃቸውን የት ያደርሳሉ የሚለውን ጥያቄ የተከታተለው አልነበረም።

ሁለተኛው ትልቅ ጥናት ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. በአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮና በኢትዮጵያ መንግሥት ትብብር የተካሄደው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ለመስኖ ግድብ የሚሆኑ ወንዞች ተብለው ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ የመጡት እቅዶች፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጠናቀቀው የዓባይ ተፋሰስ ማስተር ፕላን ጭምር፣ እነዚህኑ ስሞች ደጋግመው አንሥተዋቸዋል። ርብ ላይ ግድብ ሲቆም ከመጀመሪያው ጥናት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። የአንድ ወንዝ ስም ያን ያህል ዘመን በሰነድ ውስጥ ሲመላለስ፣ በዚያው ዘመን ሜዳው ላይ ያለው ሕዝብና እርሻ ብዙ እጥፍ አድጓል።

የአደጋ መከላከል ሥራ ደግሞ የመጣው በሌላ በር ነው። የወሎው ረሃብ ካደረሰው እልቂት በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተጀመረ፤ የዝናብን መጠን፣ የሰብልን ሁኔታ፣ የእህልንና የከብትን ዋጋ እየተከታተለ ረሃብ ከመድረሱ በፊት እንዲናገር ነበር። በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. የሜትሮሎጂ አገልግሎት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ። ይህ ሁሉ ለድርቅ የተሠራ መሣሪያ ነው። ደቡብ ጎንደርም ለዚህ መሣሪያ እንግዳ አልነበረም፤ እብናት፣ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ዝናብ በሚያጥርባቸው ዓመታት ስማቸው ቀድሞ የሚነሣ ወረዳዎች ናቸው። ፎገራ ግን ትርፍ አምራች ተብሎ ከችግረኞቹ መዝገብ ውጭ ቆየ። ድርቅ በወራት ይመጣል፤ ዋጋ ሲንር፣ ከብት ሲከሳ ይታያል። የርብ ሙላት ግን ጉና ላይ ሌሊት የዘነበ ዝናብ ማለዳ ናበጋ ወይም ዋገጠራ በተባሉት የሜዳው ቀበሌዎች ደጃፍ ላይ የሚያደርሰው ነገር ነው። በወርሃዊ ሪፖርት የሚሠራ ሥርዓት ይህን ሊይዝ አይችልም።

በዚሁ ዘመን ሜዳውን ከሁሉ በላይ የለወጠው ነገር ከየትኛውም የአየር ንብረት ሰነድ አልመጣም፤ ሩዝ ነው። ፎገራ ላይ የዱር ሩዝ መብቀሉ ከታወቀ በኋላ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ከአካባቢው የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሩዝ መሞከር ጀመሩ። በሙከራው ከታወቁት ቦታዎች አንዷ ጅግና ናት፤ በሜዳው ለረጅም ጊዜ የገነነው ዝርያም «ኤክስ ጅግና» የሚል ስም ያገኘው ከእሷ ነው። ማኅበራቱ በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥት ለውጡ ጋር ሲፈርሱ ሩዙ አብሮ አልጠፋም። ጥቂት ገበሬዎች ዘሩን ይዘው ቆዩ፣ የግብርና ባለሙያዎችም ደገፏቸው፤ ከዚያ በኋላ መስፋፋቱን የሚያቆመው አልተገኘም። ቀድሞ ውኃ ተኝቶበት በክረምት ሥራ ይፈታ የነበረው ዋልካ የክረምት ሰብል አበቀለ። ሩዙ በጤፍ ዱቄት ላይ ተጨምሮ እንጀራ ሆነ፣ ለጠላና ለአረቄም ገባ፤ ገለባው ለከብት መኖ ሆነ። ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎችና የነጋዴዎች ከተማ ለመሆን የበቃችው በዚህ ነው። መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ገደማ ብሔራዊ የሩዝ ስትራቴጂ አወጣ፤ በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከልም ወረታ ላይ ተቋቋመ።

የዛሬ ባለሙያዎች «መቋቋም» ወይም «መላመድ» የሚሉትን ነገር በተግባር ለማየት የሚፈልግ ሰው የፎገራን ሩዝ ቢመለከት አይሳሳትም። ውኃውን ከማባረር ይልቅ ውኃው የሚስማማውን ሰብል መፈለግ ትልቅ ብልኃት ነበር። ዋጋ ግን አስከፍሏል። የግጦሽ መሬቱ እየታረሰ ሲሄድ የፎገራ ከብት መሠማሪያ አጣ፤ ንጹሕ ዝርያው እየተመናመነ በመምጣቱ አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማእከልና መተከል እርባታ ጣቢያ ዝርያውን ለማቆየት ሲሠሩ ኖረዋል። ሌላም አደጋ አለ፦ የሜዳው ሩዝ በአብዛኛው ዝናብ ጠባቂ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ቢገባ ወይም ነሐሴ መጨረሻ ላይ ድንገት ቢያቆም ማሳው ይደርቃል። ኤልኒኞ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ ብዙ ጊዜ ያሳንሳል፣ ላኒና ደግሞ ያበዛል። ገበሬው በአንዱ ዓመት ለድርቅ፣ በሌላው ለሙላት የተጋለጠ ሆኖ ቀርቷል።

የሐይቁ ጉዳይ በዚህ ላይ ተደረበ። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ጢስ ዓባይ ላይ ኤሌክትሪክ ይመነጭ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጣና ከሚወጣበት ቦታ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፣ በ1993 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ሥራ ሲጀምር ተጨማሪ በሮች ተገጠሙለት። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሰው ውሳኔም የሚለዋወጥ ሆነ። በሰኔ 1995 ዓ.ም. ድርቅና ለኤሌክትሪክ የተለቀቀው ውኃ ተደማምረው ሐይቁን በጣም ዝቅ አደረጉት፤ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጎለ፣ ገበሬዎችም የተጋለጠውን የሐይቁን ወለል ዘሩበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ።

የ1998 ዓ.ም. ክረምት በኢትዮጵያ የጎርፍ ታሪክ የተለየ ነው። በሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን ሌሊት የመታው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ በነሐሴ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ብዙ መቶ ሰዎች አለቁ። በዚያው ነሐሴ ርብና ጉማራ ከዳርቻቸው ወጡ፣ ጣናም ከፍ ብሎ ነበር። ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም፣ ደራና ደምቢያ ተጥለቀለቁ። በጣና ዙሪያ የተጎዱትና የተፈናቀሉት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሰብል በውኃ ውስጥ ሰነበተ፣ ከብት አለቀ፣ መጠጥ ውኃ ተበከለ፣ ሰው ከፍ ወዳለ ቦታና ወደ መጠለያ ሸሸ። የጣና ዳሩ ጎርፍ እንደ ድሬዳዋው በአንድ ሌሊት መጥቶ የሚያልፍ አልነበረም፤ ውኃው የሚወርድበት ተዳፋት ስለሌለው ለሳምንታት ተኛ። ሐይቁ ከፍ ባለ ቁጥር ወንዞቹ የሚያራግፉበት ቦታ ያጣሉና።

ከዚያ ክረምት በኋላ መሥሪያ ቤቶቹ ጎርፍን በቁም ነገር ያዙት። በአደጋ መከላከልና ዝግጁነት መሥሪያ ቤት አስተባባሪነት ብሔራዊ የጎርፍ ግብረ ኃይል ተሰባስቦ የሜትሮሎጂን የክረምት ትንበያ መነሻ ያደረገ የጎርፍ ማስጠንቀቂያና የዝግጁነት እቅድ በየዓመቱ ማውጣት ጀመረ። የምሥራቅ ናይል ሀገሮች በጋራ ባቋቋሙትና መቀመጫው አዲስ አበባ በሆነው የምሥራቅ ናይል ቴክኒክ ጽሕፈት ቤት በኩልም የጎርፍ ዝግጁነትና ቅድመ ማስጠንቀቂያ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ፎገራና ደምቢያ በኢትዮጵያ በኩል ዋና ትኩረቶቹ ነበሩ። የጣና በለስ የተቀናጀ የውኃ ሀብት ልማት ፕሮጀክት ደግሞ በ2000 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ ተጀምሮ ሁለት የሚራራቁ ሥራዎችን አንድ ላይ አመጣ፦ ከላይ የርብንና የጉማራን ተዳፋቶች መከለል፣ ከታች የሜዳውን ጎርፍ መከታተል። በዚያው ዓመት ገደማ የዓባይ ተፋሰስ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ይህ አስተሳሰብ ትክክለኛው ነው። ጉና ላይ የታረሰ ገደል፣ ርብ ውስጥ የተከማቸ ደለልና ናበጋ ላይ የተጥለቀለቀ ሩዝ የአንድ ነገር መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ናቸው።

በተግባር ግን ቀላሉ መፍትሔ አፈር መቆለል ሆነ። ወንዝ ዳር የተሠሩት ዳይኮች (የአፈር ቁልሎች) ለጥቂት ዓመታት ማሳን ይከላከላሉ፤ ገበሬውም ይወዳቸዋል፣ ምክንያቱም የሚታይና በራሱ ጉልበት የሚሠራ ነገር ነው። ችግሩ ደለሉ ነው። ቀድሞ በሜዳው ላይ ይበተን የነበረው አፈር በሁለት ዳይኮች መካከል ሲታፈን የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፤ ወለሉ ከፍ ሲል ዳይኩም ከፍ መደረግ አለበት። በታችኛው ርብ ወንዙ በዙሪያው ካለው ማሳ ጋር እኩል ከፍታ ላይ የሚፈስባቸው ቦታዎች ተፈጥረዋል። እንዲህ ያለ ወንዝ ሰብሮ ሲወጣ ወደ መንገዱ አይመለስም፤ አዲስ መንገድ ያበጃል። ኔዘርላንዶች ለብዙ መቶ ዓመታት በዳይክ ከኖሩ በኋላ በ1993ና በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወንዞቻቸው ሞሉባቸው፤ በሁለተኛው ሙላት ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለማስለቀቅ ተገደዱ፤ ከዚያ ወዲህ ዳይኮቹን በየቦታው ወደ ኋላ እየሳቡ ለወንዙ መተኛ መሬት መተው ጀመሩ። ፎገራ ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ መሬት ባለቤት ስላለው ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። ሆኖም ወንዙ የሚተኛበት ቦታ በእቅድ ካልተመደበለት ራሱ መርጦ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ካሣ የሚጠይቁት ሰው የለም።

በርብ ላይ የተሠራው ግድብ የዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ሥራ ነው። መንግሥት በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ግንባታ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቷል። ከወረታ በላይ፣ በፋርጣና በእብናት አዋሳኝ የቆመው ግድብ 73 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ታስቦ ተሠርቷል። ከታች ከ14,000 ሄክታር በላይ መሬት እንዲያለማ ታቅዷል። ለመስኖው በጋ ላይ ውኃ ያቀርባል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ለማልማት በሞተር ፓምፕ ከወንዙ ሲስቡና በውኃ ሲጣሉ ለኖሩ ገበሬዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክረምት ላይ ደግሞ የሙላቱን ጫፍ ይቀንሳል። ሁሉንም ግን አያስቀርም። ግድቡ የሚይዘው የርብን ተፋሰስ ከፊል ነው፤ ከበታቹ የሚገቡት ገባሮች እንደ ድሮው ይመጣሉ፣ ጉማራም እንዲህ ያለ ግድብ ሳይኖረው ይፈሳል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የጣና ዙሪያ ወረዳዎች እንደገና በጎርፍ የተጠቁትም ግድቡ ከቆመ በኋላ ነው። ግድቡን የሚያሰጋው ሌላው ነገር ከጉና የሚመጣው ደለል ራሱ ነው፤ ተራራው ካልተከለለ የማጠራቀሚያው ዕድሜ ያጥራል። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝብ በነፃ ጉልበቱ የሚሠራው እርከንና ክትር ከግድቡ ግንባታ ያነሰ ግምት ሊሰጠው አይገባም።

በአዲስ አበባ በኩል ሰነዶቹ በዝተዋል። በ1999 ዓ.ም. የአየር ንብረት ለውጥን የመላመድ የተግባር መርሐ ግብር፣ በ2004 ዓ.ም. የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2011 ዓ.ም. ብሔራዊ የመላመድ እቅድ ወጥተዋል። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ደግሞ ትልቅ የአሳብ ለውጥ አመጣ፤ እርዳታ ከማደል ይልቅ ሥጋትን አስቀድሞ መቀነስን ዋና ሥራ አደረገ፣ ወረዳዎችም የራሳቸውን የሥጋት መገለጫ እንዲያዘጋጁ ተደረገ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ግን በእነዚህ ዓመታት ኮሚሽን፣ ኤጀንሲ፣ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ዘርፍ፣ እንደገና ኮሚሽን እየሆነ ስሙንና ቤቱን ደጋግሞ ቀይሯል። በእያንዳንዱ ለውጥ የሠለጠነ ሰው ይበተናል፣ መዝገብ ይጠፋል። የጎርፍ ሥራ ግን ያለ ረጅም መዝገብ አይሆንም፤ የወንዝን ከፍታ ለሠላሳ ዓመት ያልለካ መሥሪያ ቤት የሠላሳ ዓመቱን ትልቅ ሙላት አያውቀውም።

ሥልጣኑም የተከፋፈለ ነው። የጨረጨራን በሮችና በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀውን የጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ጣቢያ የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ወንዞቹና ግድቡ የውኃ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ሩዙ የግብርና፣ ማስጠንቀቂያው የአደጋ ሥጋት፣ ትንበያው የሜትሮሎጂ፣ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጣና ባዮስፌርና ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረም ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ነው። እያንዳንዱ የየራሱ እቅድ አለው፤ ብዙዎቹም ጥሩ እቅዶች ናቸው። ውኃው ግን የመሥሪያ ቤት ድንበር አያውቅም፤ ሐይቁ ለኤሌክትሪክ ሲባል ከፍ ተደርጎ ቢቆይ የሚሰማው ሰው ርብ አፍ ላይ ያለው የሩዝ ገበሬ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተፈራረቁት ጦርነትና ግጭት ደግሞ ባለሙያ መስክ እንዳይወጣና ሥራ በወቅቱ እንዳይሠራ አድርገዋል።

ፎገራ የሚያስፈልጋት አዲስ ስም ያለው ሌላ ሰነድ አይደለም። በላይኛው ርብና ጉማራ ላይ በየሰዓቱ የሚነበቡና ሳይቋረጡ የሚጠገኑ የውኃ መለኪያዎች፣ ንባቡ በስልክ ለሺና፣ ለናበጋና ለዋገጠራ ቀበሌዎች በሰዓታት ውስጥ የሚደርስበት መንገድ፣ የርብ ግድብና የጨረጨራ በሮች መቼ እንደሚከፈቱ ለወረዳው አስቀድሞ የሚነገርበት ግዴታ፣ ለሙላት የተመደበ መሬትና ለባለ መሬቱ የሚከፈል ካሣ ያስፈልጓታል። እነዚህን የሚያዝዝና የሚጠየቅባቸው አንድ አካል በንኡስ ተፋሰሱ ደረጃ ሊኖር ይገባል። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ትንበያው በሚወጣበት በግንቦት፣ የኤሌክትሪኩ፣ የውኃው፣ የግብርናውና የአደጋ ሥጋቱ ኃላፊዎች ከገበሬዎቹ ተወካዮች ጋር ወረታ ላይ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የዓመቱን የሐይቅ ከፍታ ይወስኑ።